የአርኪዮሎጂ ሙያ መረጃ ከየት ይገኛል? የቁፋሮ ሪፖርቶች እንደ ምንጭ

በአርኪዮሎጂ መሠማራት የሚሻ ተመራቂ አብዛኛውን ጊዜ ፍለጋውን የሚጀምረው ከክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ነው። ይሁን እንጂ «አርኪዮሎጂስት» የሚል የሥራ መደብ በማስታወቂያ ላይ እምብዛም ስለማይገኝ፣ ሙያው እንጀራ የለውም ወደሚል ድምዳሜ መድረስ ቀላል ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ መከራከሪያ ችግሩ ከፊሉ መረጃው በሚፈለግበት ቦታ ላይ ነው የሚል ነው።

በጸሐፊው ግምት ከሁሉ የላቀው ምንጭ የታተመ የቁፋሮ ሪፖርት ነው። አንባቢ ዘወትር የሚያተኩረው በግኝቱ ላይ ነው፤ ለሥራ ፈላጊ ይበልጥ የሚጠቅሙት ግን የአጠናን ዘዴውና የምስጋናው ክፍል ናቸው። ከዘዴው ክፍል የድንጋይ መሣሪያ መለየት፣ የእንስሳት አጥንት መመርመር፣ የሸክላ ስባሪ መመዝገብ፣ ካርታ ማንሣትና ለዕድሜ ልኬት የሚላክ ናሙና ማዘጋጀት እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ ሙያዎች መሆናቸውን መረዳት ይቻላል። በምስጋናው ክፍል ደግሞ ፈቃድ የሰጠው መሥሪያ ቤት፣ ወጪውን የሸፈነው ድርጅትና ቅርሱ የተቀመጠበት ሙዚየም ብዙውን ጊዜ በስም ይጠቀሳሉ። ስለ አክሱም ወይም በአፋር ስለምትገኘው ጎና የተጻፉ አራት አምስት ሪፖርቶችን በዚህ ዐይን ያነበበ ተማሪ ማንን፣ ስለ ምን መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል።

ሁለተኛው ምንጭ የባለሙያዎቹ የሕይወት ታሪክ ነው። ዶክተር ዮሐንስ ኃይለሥላሴ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያጠኑት ታሪክ ነበር፤ ወደ ካሊፎርኒያ ለዶክትሬት ከመሄዳቸው በፊት በቅርስ ጥናትና ጥበቃ መሥሪያ ቤት ለዓመታት አገልግለዋል። በ1993 ዓ.ም. ዲኪካ ላይ «ሰላም» የተባለችውን ቅሪተ አካል ያገኘውን ቡድን የመሩት ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ደግሞ የሥነ ምድር ተመራቂ ሲሆኑ፣ ሥራ የጀመሩት በብሔራዊ ሙዚየም ነው። ሁለቱም በጥብቅ አነጋገር የጥንተ ሰው ተመራማሪዎች እንጂ አርኪዮሎጂስቶች አይደሉም፤ መንገዳቸው ግን ለጎረቤት ሙያም ያስተምራል። የመጀመሪያ ዲግሪ ስያሜ በሩን አልዘጋባቸውም።

ሦስተኛው ምንጭ፣ ተማሪዎች የሚዘነጉት፣ ሕጉ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቁፋሮ ያለ ፈቃድ እንዳይካሄድ ይደነግጋል፤ በግንባታ ወይም በማዕድን ፍለጋ ጊዜ ቅርስ ያገኘ ሰውም እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ስለዚህ የመንገድና የግድብ ሥራ በሚካሄድበት ሁሉ የአርኪዮሎጂ ዕውቀት ተፈላጊ ነው፤ ሥራው በሌላ መጠሪያ፣ በአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ሥር ተካቶ ሊቀርብ ቢችልም።

የመስክ ሥራ በአመዛኙ ከክረምት ውጭ ለጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት የሚቆይ ነው። በመሆኑም ለአንድ የምርምር ቡድን መሪ የሚጻፍ ደብዳቤ ስለ አበል ብቻ መጠየቁ አይበቃም፤ ቁፋሮው ካበቃ በኋላ የላቦራቶሪ ሥራ መኖር አለመኖሩን፣ ሥልጠና መሰጠቱን፣ እንዲሁም የተሳታፊው ስም በሪፖርቱ በደራሲነት ወይም በምስጋና የሚሰፍር መሆኑን አስቀድሞ ማጣራት ይኖርበታል።