የማሰሪያ አንቀጽ ክብደት በውድድር ዘገባ ውስጥ

ሀ. መግቢያ

ተማሪዎች፣ የእግር ኳስ ጨዋታ ተመልክታችሁ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ «እንዴት ሆነ?» ብሎ የሚጠይቃችሁ ሰው አይጠፋም። የምትሰጡት መልስ አጭር ዘገባ ነው። ጠያቂው በስፍራው ስላልነበረ የሆነውን ነገር የሚያየው በእናንተ ቃል ብቻ ነው። ስለዚህ ዘጋቢ የሆነ ሰው ሁለት ግዴታዎች አሉበት፤ አንደኛው የሆነውን ሳያጓድል መናገር ሲሆን፣ ሁለተኛው ከሆነው ውስጥ ዋናው የትኛው እንደ ሆነ መለየት ነው። በዚህ ትምህርት ሁለተኛው ግዴታ ከዐረፍተ ነገር አሠራር ጋር ያለውን ግንኙነት ትመለከታላችሁ። አስቀድማችሁ የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ለ. ምንባብ

የአፍሪካ ወጣቶች የእግር ኳስ ሻምፒዮና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። በዚያን ጊዜ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ኢትዮጵያዊው ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቡድኖች በደርሶ መልስ እየተጋጠሙ አሸናፊው ይለይ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ግን የመጨረሻው ዙር በአንድ አስተናጋጅ አገር እንዲካሄድ ተደረገ።

በመጋቢት 1993 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2001) የአስተናጋጅነቱ ተራ ለኢትዮጵያ ደረሰ። ስምንት ብሔራዊ ቡድኖች በሁለት ምድብ ተከፍለው ተጫወቱ። ከየምድቡ አንደኛና ሁለተኛ የሚወጡት ቡድኖች ለግማሽ ፍጻሜ ከመድረሳቸውም በላይ፣ በዚያው ዓመት በአርጀንቲና በሚደረገው የዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና የመካፈል መብት ያገኙ ነበር። የኢትዮጵያ ቡድን ከነዚህ ከአራቱ አንዱ ሆነ። በፍጻሜው ጨዋታ አንጎላ ጋናን አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። ግብጽ ሦስተኛ፣ ኢትዮጵያ አራተኛ ወጡ።

በሰኔ ወር በአርጀንቲና በተጀመረው ውድድር የኢትዮጵያ ቡድን ከኔዘርላንድ፣ ከኮስታ ሪካና ከኢኳዶር ጋር ተመድቦ ተጫወተ፤ ነገር ግን ከምድቡ ሳያልፍ ተመለሰ። ጋና እስከ ፍጻሜ ደርሳ በአስተናጋጇ በአርጀንቲና ተሸነፈች፤ ግብጽም ሦስተኛ ሆነች።

ሐ. ማብራሪያ

1. ዋናው ሐሳብ የሚያርፍበት ስፍራ

ምንባቡን ካነበባችሁ በኋላ የሚከተሉትን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አስተያዩ።

አንደኛ፦ የኢትዮጵያ ቡድን ዋንጫውን ባያገኝም ለዓለም ሻምፒዮና አለፈ።
ሁለተኛ፦ የኢትዮጵያ ቡድን ለዓለም ሻምፒዮና ቢያልፍም ዋንጫውን ሳያገኝ ቀረ።

ሁለቱም እውነት ናቸው። በውስጣቸው ያለው ፍሬ ነገርም አንድ ነው። ይሁን እንጂ አንደኛውን ያነበበ ሰው ደስ ሲለው፣ ሁለተኛውን ያነበበ ሰው ያዝናል። ይህ ልዩነት ከምን መጣ?

«ባያገኝም» እና «ቢያልፍም» የሚሉት ቃላት መነሻቸው «ብ»፣ መድረሻቸው «ም» ነው። እንዲህ ያለው ግስ ሐሳብን አይጨርስም፤ አንባቢው ቀጣዩን እንዲጠብቅ ያደርገዋል። ሐሳቡን የሚጨርሰው በመጨረሻ የሚመጣው ማሰሪያ አንቀጽ ነው። ስሙም ግብሩን ይገልጻል። ጭነት በማሰሪያው እንደሚጸና ሁሉ፣ ዐረፍተ ነገርም በማሰሪያ አንቀጹ ይጸናል። ስለዚህ «ቢ...ም» ባለው ሐረግ ውስጥ ያስገባችሁት ነገር «አዎን፣ ይህም አለ» ተብሎ የሚታለፍ ይሆናል፤ በማሰሪያ አንቀጽ ያሠራችሁት ግን የእናንተ ፍርድ ሆኖ ይቀራል።

ታዲያ ከሁለቱ የትኛው ይሻላል? መልሱ በውድድሩ ዓላማ ላይ የተመሠረተ ነው። የወጣቶች ውድድር ከዋንጫው ሌላ ወጣቶቹን ለከፍተኛ ውድድር ለማብቃት ይዘጋጃል። ይህን የሚያስብ ጸሐፊ አንደኛውን ቢመርጥ ተገቢ ምክንያት አለው። በአገሩ ሜዳ፣ በወገኑ ፊት የተጫወተ ቡድን ዋንጫውን ማስቀረት ነበረበት ብሎ የሚያምን ጸሐፊ ሁለተኛውን ቢመርጥም እንዲሁ። ሁለቱም ምክንያታቸውን መናገር ይችላሉ፤ ሁለቱም ከሆነው ነገር ምንም አልደበቁም።

2. መምረጥና መደበቅ

አሁን ደግሞ ይህን ተመልከቱ፦ «ጀግኖቹ ልጆቻችን አፍሪካን ያስደነቀ አንጸባራቂ ድል ተቀዳጁ።» ዐረፍተ ነገሩ የሰዋስው ስሕተት የለበትም። ነገር ግን ቡድኑ ስንተኛ እንደ ወጣ፣ ማን ዋንጫውን እንደ ወሰደ አይናገርም። ጸሐፊው አራተኛነቱን በ«ቢ...ም» አላስገባውም፤ ጨርሶ አስቀረው እንጂ። የክብደት ምርጫ ማለት ይህ አይደለም፤ አንባቢን ማታለል ነው። የገዛ ወገናችን ሲሸነፍ ይህ ፈተና ይበረታል። ወገኑን የሚወድ ጸሐፊ ግን ሽንፈቱን በትክክል ይጽፋል፤ ጉድለቱ ያልተነገረው ቡድን ጉድለቱን አያርምምና።

3. የባለቤትና የማሰሪያ አንቀጽ ስምምነት

«ቡድን» የብዙ ሰዎች ስብስብ ቢሆንም በሰዋስው ነጠላ ነው፤ ስለዚህ «ቡድኑ አለፈ» እንላለን። ባለቤቱ «ተጫዋቾቹ» ሲሆን ግን «አለፉ» ይሆናል። የአገር ስም ባለቤት ሲሆን ብዙ ጊዜ በአንስታይ ጾታ ይነገራል፤ «አንጎላ አሸነፈች» እንደሚባለው ማለት ነው። «ቡድኑ ወደ ሜዳ ገብተው ተጫወተ» ብሎ ነጠላና ብዙን በአንድ ዐረፍተ ነገር መቀላቀል ስሕተት ነው።

4. ዘመንን መግለጥ

በወጣቶች ውድድር ዕድሜ ዋና ሕግ ነው። በ1993 ዓ.ም. ውድድር መጫወት የሚችለው እ.ኤ.አ. ከጥር ወር መጀመሪያ 1981 ወዲህ፣ ማለት ከታኅሣሥ 23 ቀን 1973 ዓ.ም. ጀምሮ የተወለደ ነበር። እንግዲህ በጥር ወር 1973 ዓ.ም. የተወለደ ወጣት በውድድሩ ጊዜ ሃያ ዓመቱ ነው፤ ይፈቀድለታል። ጸሐፊው «ዓ.ም.» የሚለውን ምልክት ረስቶ «1973» ብቻ ቢጽፍና ወረቀቱ በውጭ አገር ሰው እጅ ቢገባ ግን፣ ያው ወጣት የሃያ ስምንት ዓመት ሰው ሆኖ ይቆጠራል። ሁለት ፊደላት ሲጎድሉ አንድ ወጣት ዕድሉን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ዓመት በጻፋችሁ ቁጥር በየትኛው አቆጣጠር እንደ ሆነ ከማመልከት አትቦዝኑ።

መ. መልመጃ

1. ከምንባቡ «ሳ» የሚል መነሻ ያለውን ግስ አውጡና ከየትኛው ማሰሪያ አንቀጽ ጋር እንደ ተያያዘ ግለጡ።
2. «ጋና እስከ ፍጻሜ ደረሰች» እና «ጋና በአርጀንቲና ተሸነፈች» የሚሉትን በ«ቢ...ም» እያገናኛችሁ ሁለት የተለያዩ ዐረፍተ ነገሮች ሥሩ። የሁለቱን ትርጉም አነጻጽሩ።
3. የሚከተለውን አርሙ፦ «ቡድናችን በሰዓቱ ደርሰው ልምምዱን ጀመረ፤ ተጫዋቾቹም ደስ ብሎት ነበር።»
4. ትምህርት ቤታችሁ ወይም ሰፈራችሁ የተሸነፈበትን አንድ ውድድር አስታውሱ። በሁለት አንቀጽ ዘግቡ። ውጤቱን ሳትደብቁ፣ ዋናውን ሐሳባችሁን በማሰሪያ አንቀጽ አኑሩ። ከዚያም ለምን ያን እንደ መረጣችሁ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉ።

ዘገባችሁን ከማስረከባችሁ በፊት በዚያ ጨዋታ ለተሰለፈ ጓደኛችሁ አንብቡለት። «እውነት ነው፤ እንዲህ ነበር» ካላችሁ ትምህርቱ ገብቷችኋል።