ማሽኑ ቆሞ ኮምፕሬሰሩ ለምን ይሠራል?

(ላፍቶ፣ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፤ እሑድ፣ ሥራ የቆመበት ወርክሾፕ። ጠያቂዋ አዲስ የጥገና ባለሙያ፣ መላሹ አንጋፋ መካኒክ ናቸው።)

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ አንድም ማሽን አልተነሳም። ኮምፕሬሰሩ ግን ይሞላል፣ ያርፋል፣ እንደገና ይሞላል። ምን ሆኖ ነው?

ጋሼ፦ አየሩ የሆነ ቦታ እየሾለከ ነው። እስቲ ሰዓት ያዢ፤ ስንት ደቂቃ ይሞላል? ስንትስ ያርፋል?

ወጣቷ፦ 2 ደቂቃ ይሞላል፣ 6 ደቂቃ ያርፋል።

ጋሼ፦ 2ን ለጠቅላላው 8 አካፍዪ፤ 25 በመቶ ነው። ኮምፕሬሰሩ ማመቅ ከሚችለው አየር ሩቡ ባክኖ ይቀራል ማለት ነው። ጥገና በጎደለበት ፋብሪካ ከ20 እስከ 30 በመቶ መጥፋቱ የተለመደ ነው። በደንብ የተያዘ መስመር ግን ከ10 በመቶ በታች ይወርዳል።

ወጣቷ፦ አየር መሬት አያበላሽ፣ እሳት አያስነሳ። ይህን ያህል ያሳስባል?

ጋሼ፦ ማንም የማይደነግጥለት ለዚህ ነው። አየሩ ነጻ ቢሆንም የሚታመቅበት መብራት ይከፈልበታል። በ7 ባር ግፊት 3 ሚሊሜትር ስፋት ያላት ቀዳዳ 3 ኪሎዋት ገደማ ትበላለች፤ ዓመቱን ሙሉ ቀንና ሌሊት ከተተወች ከ25 ሺህ ኪሎዋት ሰዓት በላይ ነው። እዚህ ደግሞ ይብሳል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል አየሯ በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ኮምፕሬሰሩ በየዙሩ የሚስበው አየር በዚያው ልክ ያንሳል፤ ከቀዳዳዋ የሚሾልከው ግን ጅቡቲ ወደብ ላይ ከሚሾልከው ብዙም አይለይም። ስለዚህ ያንኑ ቀዳዳ ለማካካስ የእኛ ኮምፕሬሰር የበለጠ ይለፋል።

ወጣቷ፦ ኦፕሬተሮቹ አየር ሲያንሳቸው «ግፊቱን ጨምሩልን» ይላሉ።

ጋሼ፦ ግፊት ሲጨምር የሚሾልከውም ይጨምራል። በዚህ ግፊት 1 ባር መጨመር ብቻውን የመብራት ፍጆታውን 7 በመቶ ያህል ያሳድጋል። መጀመሪያ ቀዳዳው ይደፈን፤ ቀጥሎ ግፊቱን ማሽኖቹ እስከሚበቃቸው ድረስ ዝቅ አድርጊ።

ወጣቷ፦ ፍለጋውን ከየት ልጀምር?

ጋሼ፦ ከማሽኖቹ አጠገብ። ጎማዎቹን፣ ፋሸታዎቹን፣ ነቀል ተከል መጋጠሚያዎቹን፣ ፊልተርና ሬጉሌተሩን፣ የውሃ ማስወገጃ ቫልቮቹን እዪ። የሳሙና ውሃ ቀቢ፤ አረፋ ከኮፈሰ አገኘሽው። ለጣሪያው ቧንቧና ለጫጫታ ሰዓት፣ ጆሮ የማይሰማውን የአየር ፉጨት ወደሚሰማ ድምፅ የሚቀይር የአልትራሳውንድ መሣሪያ አለ። በእጅሽ ግን አትዳብሺ፤ የታመቀ አየር ቆዳ ጥሶ ሊገባ ይችላል። ባገኘሽው ሁሉ ላይ ቁጥር ያለው ካርድ እሰሪ።

ወጣቷ፦ ከዚያ ማጥበቅ ነው?

ጋሼ፦ መጀመሪያ መስመሩን ዝጊና ግፊቱን አውጪ። የላላውን አጥብቂ። የጥርሱን አሮጌ ቴፍሎን ጠርገሽ አዲስ ጠምጥሚ። የተሰነጠቀ ጎማ ግን በፕላስተር አይታሰርም፤ ይቀየራል። የማይሠራ ማሽን ካለ አየሩን ከመነሻው ዝጊበት።

ወጣቷ፦ ሥራው እዚህ ላይ አለቀ?

ጋሼ፦ አላለቀም። በሚቀጥለው እሑድ ሰዓቱን እንደገና ያዢና ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ጻፊ። መጋጠሚያ በንዝረት ይላላል፣ ጎማም ያረጃል፤ ስለዚህ በየሦስት ወሩ መድገም ነው። ሥራው በስም ለአንድ ሰው ይሰጥ፤ የሁሉም ከሆነ የማንም አይሆንም። አለቃሽ ዘንድ ስትገቢ ስለ ቀዳዳ አታውሪ፤ የተረፈውን ኪሎዋት ሰዓት በብር አስልተሽ አሳዪው። የሚቀጥለውን ጎማ መግዣ የሚፈርምልሽ ያን ጊዜ ነው።