የራውተርን ውስጣዊ ፕሮግራም ስለ መለወጥ ለነጋዴዎች የቀረበ ትምህርት

አንድ ነጋዴ መጋዘን ሲከራይ የበሩ ቍልፍ በስንት ሰው እጅ እንዳለ ሳይጠይቅ ዕቃውን አያስገባም። ነገር ግን ይኸው ጠንቃቃ ነጋዴ የሒሳብ መዝገቡ፤ ለባንክ የሚሰጠው ትእዛዝና ከውጭ አገር ደንበኞቹ ጋር የሚጻጻፈው ደብዳቤ ሁሉ ስለሚያልፍበት ትንሽ ሣጥን፤ ማለት ስለ ራውተር፤ ይህን የመሰለ ጥያቄ ሲያቀርብ እምብዛም አይታይም። የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪው ድርጅት ሣጥኑን አምጥቶ ይተክለዋል፤ መብራቱ ይበራል፤ ከዚያም አገልግሎቱ እስኪቋረጥ ድረስ የሚያስታውሰው ሰው የለም።

በዛሬው ትምህርታችን ይህን ሣጥን የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም የማን እንደ ሆነ፤ ምንጩ ክፍት በሆነ ሌላ ፕሮግራም እንዴት እንደሚተካና ባለሱቁም ሆነ አስመጪው ከዚህ ምን ጥቅም እንደሚያገኝ ባጭሩ እናስረዳለን። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የሣጥኑ አካልና ነፍስ

ራውተር ሲያዩት ቀላል ዕቃ ቢመስልም ራሱን የቻለ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። የሚያሰላበት ፕሮሰሰር፤ በሥራ ላይ ሳለ የሚጠቀምበት ራም፤ መብራት ቢጠፋም የተጻፈበትን የማይለቅ ፍላሽ፤ እንዲሁም የዋይፋይ ሬድዮ አለው። በፍላሹ ላይ የተጻፈው ፕሮግራም ፈርምዌር ይባላል። ሣጥኑ አካል ከሆነ ፈርምዌሩ ነፍሱ ነው ለማለት ይቻላል። ማን እንዲገባ፤ ማን እንዲከለከል፤ የየትኛው ሠራተኛ ሥራ ቅድሚያ እንዲያገኝ የሚወስነው እርሱ ነው።

አገልግሎት ሰጪው በሚያድለው ሣጥን ውስጥ ያለው ፈርምዌር አብዛኛውን ጊዜ ከሩቅ ሆኖ ለመቈጣጠር እንዲመች ተደርጎ የተዘጋጀ ነው። ይህ አሠራር በራሱ ክፉ አይደለም፤ ስለ መሣሪያው ምንም የማያውቀው ደንበኛ ያለ ድካም አገልግሎት የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ነውና። ነገር ግን ሁለት ጕድለቶች አሉበት። አንደኛው፤ ደንበኛው በውስጡ ያለውን ለማየትና ለመለወጥ አለመቻሉ ነው። ሁለተኛውና የሚከፋው፤ አምራቹ ለዚያ ዓይነት ዕቃ ማረሚያ ማውጣቱን ያቆመ እንደ ሆነ የተገኘው ቀዳዳ ሁሉ ሳይደፈን መቅረቱ ነው። ሣጥኑ ይሠራል፤ መብራቱም ይበራል፤ በሩ ግን ክፍት ነው።

ሁለት ምሳሌዎች

በኅዳር ወር 2016 በጀርመን አገር ዶይቸ ቴሌኮም ከተባለው ድርጅት ደንበኞች ወደ 900,000 የሚጠጉት በድንገት አገልግሎት ተቋረጠባቸው። ምክንያቱም ክፉ ሰዎች ያሰራጩት ፕሮግራም ራውተሮች ከሩቅ በሚታዘዙበት በር በኩል ለመግባት ሲሞክር ሣጥኖቹ መሥራት ስላቃታቸው ነው። ድርጅቱ ማረሚያውን ፈጥኖ ስላወጣ ችግሩ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተወገደ። ከዚህ የምንማረው፤ የሩቅ መቈጣጠሪያው ራሱ የአደጋ በር ሊሆን መቻሉን፤ እንዲሁም ፈጣን ማረሚያ ምን ያህል እንደሚጠቅም ነው።

በግንቦት ወር 2018 ደግሞ ቪ.ፒ.ኤን. ፊልተር የተባለ ክፉ ፕሮግራም በ54 አገሮች ውስጥ በትንሹ ወደ 500,000 በሚሆኑ ራውተሮችና የመረጃ ማከማቻ መሣሪያዎች ላይ ሰፍሮ ተገኘ። ይህ ፕሮግራም በመሣሪያው የሚያልፈውን የይለፍ ቃል ለመስረቅ፤ ሲታዘዝም መሣሪያውን ጨርሶ ለማበላሸት የሚችል ነበረ። ከተጠቁት ባለንብረቶች ብዙዎቹ በቢሮና በቤት በትንሽ ራውተር የሚገለገሉ፤ ማለት እንደ እኛ አንባብያን ያሉ ሰዎች ነበሩ።

ክፍት ምንጭ ከየት መጣ?

ሊንክሲስ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በ2002 መጨረሻ ደብልዩ አር ቲ 54 ጂ የሚባል ራውተር ለገበያ አወጣ። ወዲያው በ2003 የፕሮግራም ዐዋቂዎች ዕቃውን ሲመረምሩ ፈርምዌሩ ሊነክስ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ላይ የተሠራ ሆኖ አገኙት። ሊነክስ የሚሰጠው ጂ.ፒ.ኤል. በተባለ የፈቃድ ውል ነው። ውሉ ማንም ሰው ፕሮግራሙን እንዲጠቀምበት፤ እንዲለውጠውና እንዲሸጠው ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ለሌላ የሚያስተላልፍ ሰው የምንጩን ጽሑፍ አብሮ እንዲሰጥ ያስገድዳል። በዚህም መሠረት ጥያቄ ስለ ቀረበበት ድርጅቱ በዚያው ዓመት የምንጩን ጽሑፍ ለሕዝብ አወጣ።

ከዚህ በኋላ በ2004 ኦፕን ደብልዩ አር ቲ የተባለው የጋራ ሥራ ተጀመረ፤ ዲ.ዲ. ደብልዩ አር ቲ እና ቶሜቶ የተባሉትም ተከተሉት። በነዚህ ፕሮግራሞች ርካሹ ሣጥን ቀድሞ በውድ መሣሪያ ብቻ ይገኝ የነበረውን ሥራ መሥራት ቻለ።

ለነጋዴ ከሁሉ የሚጠቅመው ትምህርት ግን ቀጥሎ የሆነው ነው። በ2005 አምራቹ ወጪ ለመቀነስ ሲል በ5ኛው ዕትም ላይ ፍላሹን ከ4 ወደ 2 ሜጋባይት፤ ራሙንም ከ16 ወደ 8 ሜጋባይት አወረደው፤ ሊነክስንም በሌላ ፕሮግራም ተካው። የዕቃው ስምና መልክ ግን እንደ ነበረ ቀረ። ገዢዎች ልዩነቱን በተረዱ ጊዜ የቀድሞውን መፈለግ ጀመሩ፤ አምራቹም የቀድሞውን ዓይነት ደብልዩ አር ቲ 54 ጂ ኤል በሚል ስም በበለጠ ዋጋ ለመሸጥ ተገደደ። ይህም ዕቃ አዳዲስ ራውተሮች እየወጡ ሳሉ ከ10 ዓመት በላይ በገበያ ላይ ቈየ። ስለዚህ ሊከፈትና ሊታደስ የሚችል ዕቃ ዋጋውን ይዞ ይቈያል፤ የተዘጋው ግን አምራቹ በተወው ቀን ያረጃል።

የማን ንብረት ነው?

ሥራውን ከመጀመር በፊት ሣጥኑ የማን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል። በአገልግሎት ሰጪው የተተከለው ራውተር ብዙ ጊዜ የድርጅቱ ንብረት ነው፤ ያለ ፈቃዱ መነካካትም ውል ማፍረስ ይሆናል። ከዚህም ሌላ የስልክ መስመሩን ወይም የፋይበሩን ምልክት የሚተረጕመው ክፍል ምስጢሩ በአምራቹ እጅ ስለሚቀር፤ ክፍት የሆኑት ፕሮግራሞች በብዙዎቹ የዚህ ዓይነት ሣጥኖች ላይ አይሠሩም። በጀርመን አገር ከነሐሴ 1 ቀን 2016 ጀምሮ ደንበኛው በራሱ ሣጥን እንዲገናኝ በሕግ ተፈቅዶለታል፤ ይህ መብት ግን በየአገሩ አንድ ዓይነት አይደለም።

ስለዚህ ለነጋዴ የምንመክረው መንገድ ይህ ነው። የአገልግሎት ሰጪው ሣጥን በቦታው ይቈይ፤ ከበስተኋላው የራስዎን ራውተር ተክለው በዚያ ላይ ክፍት የሆነውን ፈርምዌር ይጫኑ። የሱቁ ኮምፒውተሮችና ስልኮች ሁሉ በራስዎ ራውተር በኩል ይገናኙ። ችግር ቢደርስ ገመዱን ወደ ቀድሞው ቦታ በመመለስ ብቻ ሥራዎን መቀጠል ይችላሉ።

የአሠራሩ ቅደም ተከተል

1ኛ/ የዕቃውን ትክክለኛ ስምና የዕትም ቍጥር ከሥሩ ከተለጠፈው ወረቀት ላይ ያንብቡ። ከላይ እንዳየነው በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ዕቃዎች በውስጣቸው ፍጹም ሊለያዩ ይችላሉ። ይህን ቍጥር ኦፕን ደብልዩ አር ቲ ባወጣው የመሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ ይፈልጉ፤ ከሌለበት ዕቃውን ለዚህ ሥራ አይግዙ።

2ኛ/ ዕቃው ቢያንስ 8 ሜጋባይት ፍላሽና 64 ሜጋባይት ራም ሊኖረው ይገባል። አዲስ የሚገዛ ሰው ግን ከ16 ሜጋባይት ፍላሽና ከ128 ሜጋባይት ራም በታች ባይገዛ ይሻለዋል።

3ኛ/ ፈርምዌሩን ከፕሮግራሙ ባለቤቶች ከራሳቸው ብቻ ያውርዱ። አብሮት የሚወጣውን የማረጋገጫ ቍጥር ካወረዱት ጋር ያመሳክሩ፤ አንድ ፊደል እንኳ ከተለየ ፋይሉን ይጣሉት።

4ኛ/ የቀድሞውን ቅንብር ይመዝግቡ። አገልግሎት ሰጪው የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ሰጥቶ እንደ ሆነ በወረቀት ላይ ጽፈው ያስቀምጡ። የአምራቹንም የመጀመሪያ ፈርምዌር አስቀድመው ያውርዱ፤ ወደ ኋላ ለመመለስ ያስፈልጋልና።

5ኛ/ ጭነቱን በዋይፋይ ሳይሆን በገመድ ያካሂዱ። መብራት በመካከል ቢቋረጥ ዕቃው ሊሞት ስለሚችል ሣጥኑንም ኮምፒውተሩንም በዩ.ፒ.ኤስ. ላይ ያድርጉ። ጊዜውም ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ይሁን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው በገበያ ሰዓት የተጀመረ ሥራ ኪሳራ ያመጣል።

6ኛ/ ጭነቱ ሲፈጸም አዲሱ ፕሮግራም ዘወትር 192.168.1.1 በሚባል አድራሻ ይገኛል። የአገልግሎት ሰጪው ሣጥንም በዚሁ አድራሻ የሚጠራ ከሆነ ሁለቱ ስለሚጋጩ የራስዎን ወደ 192.168.2.1 ይለውጡት። በመጀመሪያ ሲከፈት የይለፍ ቃል ስለሌለው ከሁሉ አስቀድመው ጠንካራ የይለፍ ቃል ያስገቡ። በብዙዎቹ መሣሪያዎች ላይ ዋይፋዩ ተዘግቶ ስለሚገኝ ተበላሸ ብለው አይደንግጡ፤ አገርዎን መርጠውና የዋይፋዩን ቍልፍ ሰጥተው ይክፈቱት።

7ኛ/ ሥራው በዚህ አያበቃም። አዲስ ማረሚያ መውጣቱን የሚከታተል አንድ ሰው ይሰየም፤ ቀኑም በመዝገብ ይጻፍ። ክፍት የሆነ ፕሮግራምም ቀዳዳ ይገኝበታል፤ ጥቅሙ ቀዳዳው በብዙ ዓይን መታየቱና አምራቹ ዕቃውን ከተወው በኋላም ማረሚያ መገኘቱ ነው። ሳይታደስ የተተወ ክፍት ፈርምዌር ግን ከተዘጋው አይሻልም።

ለንግድ ቤት የሚሰጠው አገልግሎት

የመጀመሪያው ጥቅም መለየት ነው። ደንበኛ ሲመጣ የሚጠቀምበት ዋይፋይና የገንዘብ መቀበያው መሣሪያ ያለበት መረብ እንዳይገናኙ ለየብቻ ማድረግ ይቻላል። ሁለተኛው ማመጣጠን ነው፤ አንድ ሠራተኛ ትልቅ ፋይል ወደ ውጭ ሲልክ የሌላው የስልክ ንግግር እንዳይቈራረጥ ፕሮግራሙ መስመሩን ያካፍላል። ሦስተኛው በመርካቶ ያለውን ሱቅ ከመጋዘኑ ጋር በምስጢር መስመር ማገናኘት ነው። አራተኛው መተካት ነው፤ በአገራችን ከ2022 ጀምሮ ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎት ስለሚሰጥ፤ የሁለቱን መስመር በአንድ ራውተር ላይ አገናኝቶ አንደኛው ሲቋረጥ ሥራው በሌላው እንዲቀጥል ማድረግ ይቻላል።

ለአስመጪዎች የሚሆን ምክር

አስመጪው ከላኪው ጋር ሲዋዋል ከዋጋው በፊት ሦስት ነገሮችን በጽሑፍ ይጠይቅ። የዕቃው የዕትም ቍጥር በጠቅላላው ጭነት አንድ መሆኑን፤ አምራቹ ማረሚያ የሚያወጣው እስከ መቼ እንደ ሆነና ፈርምዌሩን መለወጥ የተከለከለ አለመሆኑን። ፈርምዌር መለወጥ የአምራቹን ዋስትና ሊያስቀር ስለሚችል ይህንንም ለገዢው አስቀድሞ መንገር የታማኝ ነጋዴ ግዴታ ነው። ሬድዮ ያለበት መሣሪያ ወደ አገር ሲገባ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የሚጠይቀውን ማረጋገጫ ማሟላትም አይዘንጋ።

አምራቾችም ቢሆኑ ወደዚህ መንገድ እየመጡ ናቸው። በ2024 መጨረሻ ኦፕን ደብልዩ አር ቲ ዋን የሚባል፤ ገና ከጅምሩ ለክፍት ፈርምዌር ተብሎ የተሠራ ራውተር ለሽያጭ ቀርቧል። ዕቃው ሁለት ፍላሾች ስላሉት በአንደኛው ላይ የተጻፈው ቢበላሽ ከሌላው ተነሥቶ መዳን ይችላል።

በመጨረሻም፤ ፕሮግራሙ ያለ ዋጋ ይገኛል ማለት ወጪ የለበትም ማለት አይደለም። የሚማር ሰው፤ የሚከታተል ሰው፤ ሲበላሽ የሚጠገንበት ጊዜ ያስፈልጋል። ይህን ማሟላት የማይችል ነጋዴ ሣጥኑን ለአገልግሎት ሰጪው ትቶ ማረሚያ እየተደረገለት መሆኑን ደጋግሞ ቢጠይቅ ይሻለዋል። የሚችለው ግን ሳይቃጠል በቅጠል እንደተባለው፤ ጥፋት ሳይደርስ ዛሬውኑ ሣጥኑን ገልብጦ ከሥሩ የተጻፈውን ቍጥር ያንብብ። ጥንቃቄ የሚጀመረው ከዚያ ነው።