መለስተኛ ውፍረት ለሐኪም ምላጭ ያበቃል ወይስ አያበቃም?

ውፍረት በአገራችን ለብዙ ዘመን የድሎት ምልክት ሆኖ ኖሯል፤ ከርሞ የተገናኘ ወዳጅ «ወፈርህ፥ አማረብህ» ቢል ሙገሳ እንጂ ነቀፋ አልነበረም። በዛሬው ሕክምና ዘንድ ግን ውፍረት በቁጥር ተለክቶ፥ በደረጃ ተከፍሎ፥ እንደ በሽታ የሚታከም ነገር ሆኗል። ከሕክምናውም አንዱ ጨጓራን በቀዶ ጥገና ማሳነስ ነው። እጅግ ለወፈረ ሰው ይህ ሕክምና መጥቀሙ ብዙ አያከራክርም። ክርክሩ የሚነሣው መለስተኛ ውፍረት ስላለው ሰው ነው፤ እርሱንስ ከምላጭ ሥር ማስተኛት ይገባልን?

እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ይህን ጥያቄ ያነሣነው በሐኪሞች ሥራ ጣልቃ ለመግባት አይደለም። ሰው ለራሱ ጥቅም ወሰን ያወጣል፤ ወሰኑም ውሎ አድሮ መልሶ ሰውን ይገዛዋል። ይህ ነገር በሕግም፥ በታሪክም፥ በኢኮኖሚክስም የምናጠናው ስለ ሆነ፥ በሕክምናም እንዴት እንደሚሠራ ማየቱ ለባልንጀሮቻችን ይጠቅማል ብለን አሰብን። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1ኛ፤ ልኬቱ ከየት መጣ?

ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ስሌት ቀላል ነው። የሰውየውን ቁመት በሜትር ለክቶ በራሱ ማባዛት፥ ከዚያም ክብደቱን በኪሎ ግራም መዝኖ ለዚያ ማካፈል ነው። ለምሳሌ ያህል ቁመቱ 1.70 ሜትር የሆነ ሰው ቁመቱ በራሱ ሲባዛ 2.89 ይሆናል። ይህ ሰው 87 ኪሎ ቢመዝን ልኬቱ 30 ገደማ፥ 101 ኪሎ ቢመዝን 35 ገደማ፥ 116 ኪሎ ቢመዝን 40 ገደማ ይሆናል። በዓለም የጤና ድርጅት አከፋፈል ከ30 ጀምሮ ከ35 በታች ያለው አንደኛ ደረጃ ውፍረት ይባላል፤ እኛም መለስተኛ ውፍረት የምንለው ይህንኑ ነው።

ይህን ስሌት በ1830ዎቹ ያወጣው አዶልፍ ኬትሌ የተባለ የቤልጅግ ሰው ነው። ኬትሌ የሥነ ፈለክና የስታቲስቲክስ ሊቅ እንጂ ሐኪም አልነበረም፤ ፍላጎቱም «አማካይ ሰው» ምን እንደሚመስል በቁጥር ለማወቅ ነበር። በ1972 አንሰል ኪስ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ስሌቱን ዛሬ በሚታወቅበት ስም፥ ይኸውም ቢ.ኤም.አይ. ብሎ ጠራው። ብዙ ሕዝብን ለማጥናት የተመቸ ልኬት መሆኑ እርግጥ ነው። ነገር ግን የአንድን ሰው ስብ ከጡንቻው ለይቶ አያሳይም፤ ስቡም ብዙ በሽታ በሚያመጣበት በሆድ ዕቃ ዙሪያ ይሁን ወይም በዳሌ ላይ፥ ቁጥሩ አይናገርም።

2ኛ፤ ወሰኑ እንዴት ተሰመረ?

ውፍረትን በቀዶ ሕክምና የመቀነስ ሙከራ በአሜሪካ የተጀመረው በ1950ዎቹ ነው። መጀመሪያ የተሞከረው ምግብ በአብዛኛው የትንሹ አንጀት ክፍል እንዳያልፍ ማድረግ ነበር። ክብደትን ቢቀንስም ጉበትንና ኩላሊትን የሚጎዳ ሆኖ ስለ ተገኘ ቀረ። በ1966 በአይዋ ዩኒቨርሲቲ ኤድዋርድ ሜሰን የተባለው ሐኪም ጨጓራን ለሁለት ከፍሎ ትንሹን ክፍል በቀጥታ ከአንጀት ጋር የማገናኘትን ዘዴ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሌሎች ዘዴዎች ተከተሉ፤ አንደኛው ጨጓራን በሲሊኮን ቀለበት ማሰር፥ ሁለተኛው አብዛኛውን ጨጓራ ቆርጦ አውጥቶ የቀረውን እንደ ቱቦ ማጥበብ ነው።

በ1991 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋሞች የጠሩት ጉባኤ ለዚህ ሕክምና የሚበቃውን ሰው ወሰነ። ልኬቱ 40ና ከዚያ በላይ የሆነ፥ ወይም 35ና ከዚያ በላይ ሆኖ ከውፍረት የመጣ ከባድ በሽታ ያለበት ይታከም ተባለ። በዚያ ጊዜ ቀዶ ጥገናው ሆድን በረጅሙ ከፍቶ የሚሠራ ነበርና ጥንቃቄው የሚያስደንቅ አይደለም። ኋላ ግን በትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና መሣሪያ አስገብቶ መሥራት ስለ ተስፋፋ አደጋው እጅግ ቀነሰ። የ35 ቁጥር ግን ከብዙ የሐኪሞችና የኢንሹራንስ ደንቦች ሳይፋቅ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆየ።

3ኛ፤ ወሰኑ ዝቅ ይበል የሚሉ ወገኖች

እነዚህ ወገኖች በመጀመሪያ የሚጠሩት ምስክር ከአውስትራሊያ ነው። በ2006 በወጣ ጥናት ልኬታቸው ከ30 እስከ 35 የሆነ 80 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ ጨጓራቸው በቀለበት ታሰረ፥ ግማሾቹ በምግብ ቁጥጥር፥ በመድኃኒትና በአኗኗር ለውጥ ታከሙ። ከሁለት ዓመት በኋላ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ከክብደታቸው 21.6 በመቶ ሲቀንሱ፥ ሌሎቹ 5.5 በመቶ ብቻ ቀነሱ። በ2008 ደግሞ በዚያው አገር ልኬታቸው ከ30 እስከ 40 የሆነና የስኳር በሽታ ከያዛቸው ብዙ ያልቆዩ 60 ሰዎች ተጠኑ። ከሁለት ዓመት በኋላ ቀለበት ከታሰረላቸው 73 በመቶ፥ ከሌሎቹ 13 በመቶ የሚሆኑት ያለ ስኳር መድኃኒት የደማቸው ስኳር ከበሽታው ልክ በታች ሆኖ ተገኘ።

ሁለተኛው ማስረጃቸው የአንጀት ሥራ ነው። ጨጓራ ከአንጀት ጋር በአዲስ መንገድ ሲገናኝ ክብደት ገና ሳይቀንስ በጥቂት ቀኖች ውስጥ የደም ስኳር ሲወርድ ታይቷል። ምክንያቱም አንጀት ምግብ ሲደርሰው ቆሽትን ኢንሱሊን እንዲያመነጭ የሚያነቃቃ፥ አእምሮንም «ጠግበሃል» የሚል ሆርሞን ይልካል፤ በአዲሱ መንገድ ምግቡ ፈጥኖ ስለሚደርስ ይህ ሆርሞን ይበዛል። እንግዲህ ቀዶ ሕክምናው ሆድን ማጥበብ ብቻ ሳይሆን በሽታውን ራሱን የሚነካ ከሆነ፥ ስለ ምን በኪሎ ብቻ ይወሰናል ይላሉ።

ሦስተኛው ክርክራቸው ከሁሉ የሚከብድ ይመስለናል። የስኳር በሽታ በቶሎ ሲታከም ይሻላል፤ ዓመታት ከቆየ በኋላ ቀዶ ሕክምናውም ያን ያህል አይሠራለትም። ታዲያ ልኬቱ 33 የሆነን የስኳር በሽተኛ «ገና ነህ» ብሎ መመለስ፥ ወፍረህና በሽታህ ጠንቶብህ ተመለስ እንደ ማለት አይደለምን? «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ምሳሌያችን ለእነዚህ ወገኖች ይመሰክራል።

4ኛ፤ አትቸኩሉ የሚሉ ወገኖች

በሌላው በኩል የቆሙት ደግሞ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለውን ይጠቅሳሉ። ምላጭ ለከባዱም ለመለስተኛውም ያው ምላጭ ነው፤ መለስተኛ ውፍረት ያለው ሰው ግን ከውፍረቱ የሚደርስበት ጉዳት ያነሰ ስለ ሆነ ያው አደጋ በእርሱ ሚዛን ላይ ይከብዳል። ከቀዶ ጥገናው በኋላ የተሰፋው ሊያፈስ፥ ደም ሊፈስ፥ በደም ሥር ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል። ሞትም ጥቂት ቢሆን ጨርሶ የለም አይባልም። ከዳነም በኋላ ቪታሚንና ማዕድን፥ ይልቁንም ብረት፥ ካልሲየምና ቢ12፥ ዕድሜ ልኩን በክትትል መውሰድ አለበት።

የቀለበቱም ታሪክ ትልቅ ትምህርት ነው። በ2011 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ድርጅት ልኬታቸው ከ30 ጀምሮ ሆኖ ከውፍረት የመጣ በሽታ ላለባቸው ሰዎች አንድ የቀለበት ዓይነት ፈቀደ። ነገር ግን ቀለበቱ ከቦታው እየተንሸራተተ ወይም ጨጓራውን እየበላ በብዙዎች ላይ ሁለተኛ ቀዶ ጥገና ስላስከተለ፥ ሐኪሞቹ በአብዛኛው ተዉት። የሁለት ዓመት መልካም ውጤት የዕድሜ ልክ ዋስትና አለመሆኑን ከዚህ እንማራለን።

በ2017 በወጣው የክሊቭላንድ ጥናትም የጊዜ ርዝመት ምን እንደሚያደርግ ታይቷል። ልኬታቸው ከ27 እስከ 43 የሆነ 150 የስኳር በሽተኞች ተከፋፍለው ለአምስት ዓመት ተጠኑ። ስኳራቸው በተወሰነው ጥብቅ ልክ የተገኘው በመድኃኒት ብቻ ከታከሙት 5 በመቶ፥ ጨጓራቸው ከአንጀት ጋር በአዲስ መንገድ ከተገናኘላቸው 29 በመቶ፥ ጨጓራቸው እንደ ቱቦ ከጠበበላቸው 23 በመቶ ነበሩ። በአንደኛው ዓመት እነዚህ ቁጥሮች 12፥ 42ና 37 ነበሩ። ቀዶ ሕክምናው ከመድኃኒቱ በልጧል፤ ሆኖም የእርሱም ጥቅም ከጊዜ ጋር ቀንሷል።

በተጨማሪም አዲስ መድኃኒት መጥቷል። ያንን የአንጀት ሆርሞን የሚመስለው ሴማግሉታይድ በ2021 በአሜሪካ ለውፍረት ሕክምና ተፈቀደ። በሳምንት አንድ ጊዜ በመርፌ የወሰዱት ሰዎች በ68 ሳምንት በአማካይ ከክብደታቸው 15 በመቶ ገደማ ቀንሰዋል። ግን መድኃኒቱ ሲቆም አብዛኛው ክብደት ይመለሳል።

5ኛ፤ የእኛ አስተያየት

በ2022 ሁለት የዚህ ቀዶ ሕክምና ማኅበሮች፥ አንዱ የአሜሪካ ሌላው ዓለም አቀፍ፥ የ1991ን ወሰን ለወጡ። ልኬቱ 35ና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው ሌላ በሽታ ባይኖረውም፥ 30ና ከዚያ በላይ ሆኖ የስኳር በሽታ ላለበት ደግሞ ቀዶ ሕክምናው ይመከራል አሉ። ከ30 እስከ 35 ባለው ውስጥ ሆኖ በሌላ ሕክምና በቂና ዘላቂ ለውጥ ላላገኘም ሊታሰብለት ይገባል አሉ። ለእስያ ሕዝቦች ቁጥሩ ወደ 27.5 ዝቅ ይላል፤ በእነርሱ ሰውነት በሽታው ባነሰ ክብደት ይመጣልና።

እኛ ይህን ለውጥ የምንደግፈው ቁጥሩ ዝቅ ስላለ ሳይሆን በሽታው ከቁጥሩ ጋር መጠየቅ ስለ ጀመረ ነው። ስኳሩ በመድኃኒት አልገዛ ያለውን ሰው በሦስት ኪሎ ጉድለት መመለስ ፍርደ ገምድልነት ነው። እንዲሁም ጤነኛውን ሰው ለመልኩ ሲል ወደ ምላጭ መግፋት ግፍ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው በሽተኛ ሌላው ሕክምና በሚገባ ተሞክሮለት፥ አደጋው ሳይሸሸግ ተነግሮት፥ የዕድሜ ልክ ክትትል የሚያገኝ ሲሆን ራሱ ይምረጥ እንላለን።

ለባልንጀሮቻችን ክርክር እነዚህን ጥያቄዎች ትተናል። ለአንዱ ሕዝብ የተሰመረ ቁጥር ለሌላው ሳይመረመር ሊያገለግል ይችላልን? መድኃኒቱን ዕድሜ ልክ መግዛት ከማይችል ሰው ጋር ስንነጋገር፥ ምላጩ ይከብዳል ወይስ ይቀላል? ወሰን ያወጡ ሰዎችስ በስንት ዓመት አንድ ጊዜ ተመልሰው ሊመረምሩት ይገባል?