ከሥር ያለው ሲወጥር፦ ስስ ኦክሳይዶች ለምን ባሕርያቸውን ይለውጣሉ?



በዛሬው የትምህርት ዓምዳችን የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪና የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪዎችን የሚነካ ርዕስ እናያለን። በጀጎል ቤቶች ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉትን የሐረሪ ስፌቶች እናስብ። አዲሱ ዙር ከሥሩ ካለው ዙር ጋር ተያይዞ ስለሚሰፋ የእርሱን ስፋት ይከተላል። በሌላ ክሪስታል ላይ የሚበቅል ስስ የኦክሳይድ ፊልምም እንዲሁ ነው። አቶሞቹ ከሥር ካለው ክሪስታል፣ ማለትም ከሰብስትሬቱ ጋር ስለሚያያዙ የራሳቸውን ርቀት ትተው የእርሱን ይይዛሉ። ይህ መለጠጥ ወይም መጨመቅ ስትሬይን ይባላል።

ስሌቱ ቀላል ነው፦ ከሰብስትሬቱ ርቀት የፊልሙን የተፈጥሮ ርቀት ቀንሰን ለፊልሙ ርቀት እናካፍላለን። ውጤቱ ፖዘቲቭ ከሆነ ፊልሙ ተለጥጧል፤ ኔጌቲቭ ከሆነ ተጨምቋል።

ቫናዲየም ዳይኦክሳይድን እንውሰድ። በ68 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ከኢንሱሌተርነት ወጥቶ እንደ ብረት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። የክሪስታሉ አግድም ርቀት 4.55 አንግስትሮም፣ የታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ደግሞ 4.59 ነው። 0.04ን ለ4.55 ስናካፍል 0.9 በመቶ ገደማ መለጠጥ እናገኛለን። ፊልሙ ወደ ጎን ሲለጠጥ በቁመቱ ያጥራል፤ በቁመት የተደረደሩት የቫናዲየም አቶሞች ይቀራረባሉ፤ የኤሌክትሮኖቹም እንቅስቃሴ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ2002 ሙራኦካና ሂሮይ የተባሉ ተመራማሪዎች ሲለኩት የመለወጫው ሙቀት ወደ 27 ዲግሪ ወርዶ አገኙት። በዚያው ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ሌላ ገጽ ላይ ሲያበቅሉት ግን የቫናዲየሞቹ ርቀት ስለተለጠጠ ወደ 96 ዲግሪ ወጣ። ኬሚካዊ ቀመሩ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ግን 69 ዲግሪ!

ስለዚህ ሰብስትሬቱንና የፊልሙን ውፍረት ያልጻፈ የላብራቶሪ ሪፖርት አንባቢን ያሳስታል። ፊልሙ ከተወሰነ ውፍረት ሲያልፍ በውስጡ ጉድለቶች ይፈጠሩና ውጥረቱ ይላላል። የኦክስጅን አቶሞች መጉደልም ባሕርዩን ሊለውጥ ይችላል። «ምክንያቱ ስትሬይን ነው» ከማለታችን በፊት በኤክስሬይ ዲፍራክሽን ርቀቱን እንለካ። የለኩትን መናገር፣ ያልለኩትን አለመጨመር የእውቀት አማና ነው።

መልመጃ፦ ርቀቱ 3.905 አንግስትሮም የሆነ ስትሮንቲየም ታይታኔት፣ ርቀቱ 3.79 በሆነ ላንታነም አሉሚኔት ላይ ቢበቅል ይለጠጣል ወይስ ይጨመቃል? በስንት በመቶ?

አላህ ጠቃሚ እውቀት ይጨምርልን። ወሰላሙ ዓለይኩም።