ጥቂት ምርት፣ ብዙ ፈላጊ፦ ዋጋው እንዴት ይቆረጥ?

ጥያቄ፦ ከቀርከሃ ጠንካራ ጣውላ መሥራት ጀምረናል። በወር የምናመርተው ጥቂት ነው፤ ፈላጊው ግን ብዙ። በስንት እንሽጠው?

መልስ፦ ከወጪያችሁ ብቻ ሳይሆን ገዢው ከጣውላው ከሚያገኘው ጥቅም ተነሡ። አሉሚኒየምን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ1884 የዋሽንግተን ሐውልት ጫፍ ሲከደንበት ዋጋው ከብር ማዕድን ጋር ይቀራረብ ነበር። በ1886 ሆልና ኤሩ የተባሉ ሁለት ሰዎች፣ በየፊናቸው፣ በኤሌክትሪክ የማንጠር ዘዴ አገኙ። ከዚያ ምርቱ በዛ፣ ዋጋው ወረደ፤ ውሎ አድሮም የድስት መሥሪያ ሆነ።

እናንተም መጀመሪያ ጥራቱን አጥብቀው ለሚፈልጉ ሁለት ሦስት ደንበኞች ሽጡ። የማታደርሱትን ትእዛዝ አትቀበሉ፤ የዘገየ ጭነት የደንበኛን ሥራ ያስቆማል፣ ስማችሁንም ያጠፋል። ማምረቻው ሲሰፋ ዋጋ መቀነስ ቀላል ነው፤ በርካሽ ጀምሮ መጨመር ግን ደንበኛን ያስቀይማል።