ከዓሣ ምግብ ወደ ሰው ገላ የሚገባው ባዜቃ ስለሚለካበት መንገድ

ዓሣ ለሰውነት ብርታት የሚሰጥ መልካም ምግብ መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን ባዜቃ ወይም ሜርኩሪ የተባለው ማዕድን ወደ ውኃ በገባ ጊዜ በጭቃው ያሉ ረቂቃን ተሕዋስያን ሜቲል ሜርኩሪ ወደሚባል መርዝ ይለውጡታል። ይህም መርዝ ትልቁ ዓሣ ትንሹን ሲበላ እየተከማቸ ይሄዳል፤ በማጠብም ሆነ በመቀቀል አይወገድም። ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው በማሕፀን ያለ ሕፃን ነው። በ1948 ዓ.ም. በጃፓን አገር በሚናማታ ከተማ በታወቀው ሕመም፥ በእናቶቻቸው ላይ ብዙ ምልክት ሳይታይ አእምሮአቸውና አካላቸው የተጎዳ ሕፃናት ተወልደዋል።

መለኪያው ሁለት ዓይነት ነው።

አንደኛው በሒሳብ ነው። ሰውዬው በሳምንት የሚበላው ዓሣ ተመዝኖ፥ በዓሣው ውስጥ ባለው የመርዝ መጠን ይባዛል፤ ከዚያም ለገላው ክብደት ይካፈላል። በ1995 ዓ.ም. የዓለም የጤና ድርጅትና የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት የሊቃውንት ጉባኤ ወሰኑን ለእያንዳንዱ የገላ ኪሎ በሳምንት 1.6 ማይክሮግራም አድርጎታል። ስለዚህ ክብደቱ 60 ኪሎ ለሆነ ሰው ወሰኑ 96 ማይክሮግራም ነው። በኪሎ 0.5 ሚሊግራም ካለበት ዓሣ 192 ግራም ቢበላ ወሰኑን ይሞላል፤ 0.05 ሚሊግራም ብቻ ካለበት ግን 1920 ግራም ያህል መብላት ይችላል።

ሁለተኛው በጠጕር ነው። ጠጕር በወር 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሚያድግ፥ ከሥሩ ተቆርጦ ሲመረመር ያለፉትን ወራት አበላል በተራ ይገልጻል። የመጀመሪያው መለኪያ ግምት ሲሆን ሁለተኛው ምስክሩ ነው።

የዓሣው ዘር ልዩነት እንዲህ ቀላል አይደለም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. በሐዋሳ ሐይቅ በተደረገው ምርመራ በቆሮሶ ጥቂት፥ በትልልቁ ቢልጫ ግን ከፍ ያለ ባዜቃ ተገኝቷል፤ ዓሣ በሚበላው በአምባዛም ከተገመተው ያነሰ ሆነ። ስለዚህ በግምት መፍረድ አይገባም።

ከሐይቆቹ ወደ አዲስ አበባ የሚላከውን የተበለተ ዓሣ የሚገዛ ሰው፥ ዘሩንና የወጣበትን ሐይቅ ከሥጋው አይቶ ለማወቅ አይችልም። ይህ ካልታወቀም ሒሳቡ አይሠራም። እንግዲህ የሐይቅ ዳር ወረዳዎች ሹማምንት ዓሣው ከመበለቱ አስቀድሞ ዘሩን፥ ርዝመቱን፥ ክብደቱንና ሐይቁን አስመዝግበው፥ መዝገቡ ከጭነቱ ጋር እንዲላክ ማድረግ ይገባቸዋል።